ስፖርተኛውን እንደ ሠራተኛ እንመዝነው

ስፖርት ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ በሜዳና በመሮጫ መም ላይ ብቻ የሚፈጸም ጨዋታ አይደለም። በየዘመኑና በየአገሩ ስፖርት ኅብረተሰቡ የሚያከብረውን፣ የሚመኘውንና የሚንቀውን ያንጸባርቃል። ስለዚህ አንድ ኅብረተሰብ ወጣቱን ወዴት እየመራ እንደሆነ ለመረዳት የሚሻ ሰው፣ ወጣቱ የማንን ሥዕል በግድግዳው ላይ እንደሰቀለና የማንን ስም በማልያው ጀርባ ላይ እንዳሳተመ ቢመለከት ብዙ ይማራል። ዛሬ በጅግጅጋም ሆነ በቀብሪ በያህ፣ በቶጎ ውጫሌም ሆነ በሽንሌ በልጆች ጀርባ ላይ የሚነበበው ስም በአብዛኛው ባሕር ማዶ የሚጫወት የእግር ኳስ ተጫዋች ስም ነው።

በዚህ የሚነቀፍ ነገር የለም። ወጣትነት የሚያደንቀው ሰው ሳያገኝ አያድግም። ይሁን እንጂ ማድነቅና አርአያ አድርጎ መከተል የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ማድነቅ ከመቀመጫ ሳይነሡ ይፈጸማል፤ አርአያን መከተል ግን በማለዳ መነሣትን፣ መድከምንና ራስን መግዛትን ይጠይቃል። እንግዲህ መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ከዝነኛው ሰው ሕይወት ውስጥ የእኛ ሠፈር ልጅ ነገ ጠዋት ሊሠራበት የሚችል ምን አለ? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በዚህ አካባቢ የሚከብድበት ተጨባጭ ምክንያት አለ። ከጅግጅጋ እስከ ደወሌ የተዘረጋው ምድር የድንበርና የመንገድ ምድር ነው። ከብቱ፣ ሸቀጡና ባቡሩ በዚህ ያልፋሉ፤ ወጣቱም ያልፋል። በሶማሊኛ «ተሕሪብ» እየተባለ የሚጠራው፣ በደላላ እየተመሩ በረሃና ባሕር አቋርጦ የመሰደድ ጉዞ ከብዙ ቤት ልጅ ነጥቋል። ባሕር ማዶ ሄዶ የከበረ ስፖርተኛ ሥዕልም፣ ታሪኩ ተቆርጦ መጨረሻው ብቻ ሲቀርብ፣ ሳይታወቅ የደላላው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በዚህ ምድር የአርአያ ምርጫ የጨዋታ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሕይወትና የሞት ጉዳይ እስከመሆን ይደርሳል።

ለመሆኑ ፕሮፌሽናል ስፖርተኛ ማነው? ከጩኸቱና ከመብራቱ ለይተን ብናየው፣ በአካሉ ጉልበትና በልምምድ ባካበተው ችሎታ የሚተዳደር ሠራተኛ ነው። ውል አለው፤ ክፍያ አለው፤ ሲጎዳ ወይም ሲያረጅ ከሥራው ይሰናበታል። ከሌላው ሠራተኛ የሚለየው ሥራውን ሚሊዮኖች እያዩት መሥራቱ፣ ከሥራውም ጎን ስሙና መልኩ ራሳቸው ሸቀጥ ሆነው መሸጣቸው ነው። የጫማና የመጠጥ ኩባንያዎች ለወጣቱ የሚያቀርቡለት ይህንን ሁለተኛውን ሰው ነው። ላቡ ተጠርጎ፣ ድካሙ ተደብቆ፣ ድሉ ብቻ ይታያል።

ሠራተኛው ሕዝብ ግን ሰውን የሚመዝንበት የራሱ የቆየ ሚዛን አለው። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ አጠገቡ የሚሠራውን ባልደረባ በልብሱ ውበት አይመዝነውም። ሥራውን አክብሮ ይሠራል ወይ? ምርቱ እውነተኛ ነው ወይስ ያጭበረብራል? ባልደረባው ሲቸገር ይደርስለታል ወይ? ያሳደገውን ወገን ያስታውሳል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። ለስፖርተኛውም የሚያስፈልገው ሚዛን ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቻርልስ ባርክሌይ በ1985 ዓ.ም. በታየ የናይክ ኩባንያ ማስታወቂያ ላይ፣ እርሱ የማንም አርአያ እንዳልሆነና ልጆችን በአርአያነት ማሳደግ የወላጆች ተግባር እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ከቃሉ እኩሌታው እውነት ነው። እናትና አባት፣ መምህርና ጎረቤት ሊሸከሙት የሚገባውን ኃላፊነት ኳስ ተጫዋች አይሸከመውም። ነገር ግን ይህንኑ ቃል የተናገረው ጫማ በሚያስተዋውቅበት ሰዓት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ልጆች እርሱን ለመምሰል ባይሹ ኖሮ ኩባንያው ባልከፈለው ነበር። ከአርአያነት ትርፍ የሚገኝበት ከሆነ፣ ከአርአያነት የሚመነጨውም ግዴታ አብሮ ይመጣል።

የመጀመሪያው መመዘኛ የሥራ ፍቅርና ዲሲፕሊን ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ለኢትዮጵያ ወርቅ ያመጣው ታምራት ቶላ፣ ቀድሞ ለውድድሩ የተመደበው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲቀር ቦታው ለእርሱ ተሰጠው፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶም የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚህ ድል የሚወሰደው ትምህርት ከሜዳልያው ይሰፋል። ተጠባባቂ ሰው ሊያርፍ፣ ሊያኮርፍ ወይም ልምምዱን ሊያላላ ይችል ነበር። ታምራት ግን ማንም ሳይጠራው በፊት ተዘጋጅቶ ነበር። ሥራ ፍለጋ ወረፋ ለሚጠብቀው የጅግጅጋ ወጣት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። ወረፋው የሚደርሰው መቼ እንደሆነ ማንም አይነግረውም፤ ሲደርስ ዝግጁ ሆኖ መገኘት ግን በእጁ ነው። ከቀትር በኋላ ያሉትን ሰዓታት በጫት ምርቃና የሚያሳልፍ ወጣት የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ እንዳልሆነ የሚገባን በዚህ አንጻር ነው፤ የሚያጣው የዝግጅት ጊዜውን ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ እውነተኛነት ነው። ለዚህም የሴኡል ኦሊምፒክ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ያቀርብልናል። መስከረም 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ካናዳዊው ቤን ጆንሰን 100 ሜትርን በ9.79 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። ከሦስት ቀን በኋላ በተከለከለ መድኃኒት መጠቀሙ ተረጋግጦ ወርቁ ተነጠቀ። ከዚያው ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን፣ የጅቡቲው ሁሴን አህመድ ሳላህ በማራቶን ከአንደኛው በ27 ሰከንድ ብቻ ተበልጦ ሦስተኛ ወጣ። አገራችን ባልተካፈለችበት በዚያ ኦሊምፒክ የተገኘው ይህ ነሐስ ጅቡቲ እስከ 2016ቱ የፓሪስ ውድድር ድረስ ያገኘችው ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ነው።

ሁሴን የተወለደው በአሊ ሳቢህ ነው። አሊ ሳቢህ የሽንሌንና የአይሻን ምድር አቋርጦ፣ ደወሌን አልፎ በሚሄደው የአሮጌው ባቡር ሐዲድ ላይ የምትገኝ፣ ከድንበሩ ማዶ ብዙም የማትርቅ ከተማ ናት። ቋንቋዋ የዚህ አካባቢ ቋንቋ፣ አየሯም የዚህ አካባቢ ቆላ አየር ነው። ታዲያ በሽንሌ ስንት ልጅ ስሙን ያውቀዋል? «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንደሚባለው ሆኖ፣ የሩቁን ስም በጀርባው የለበሰ ልጅ የጎረቤቱን አያውቅም። ሯጭ የሚወጣው ከደጋ ብቻ ነው እያሉ እጃቸውን ለሚያጣጥፉም የአሊ ሳቢህ ልጅ በቂ መልስ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳ አትሞላም። ጅግጅጋ በአንጻሩ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ የካራማራ ሰንሰለትም በአጠገቧ ይገኛል።

ስለ እውነተኛነት ሲነሣ ሌላው ለዚህ ምድር የቀረበ ስም ሞ ፋራህ ነው። ለብሪታንያ ተሰልፎ በ2004 ዓ.ም. በለንደን፣ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር አራት የወርቅ ሜዳልያዎችን የወሰደው ይህ ሯጭ፣ ከቶጎ ውጫሌ ድንበር ማዶ በሐርጌሳ መንገድ ላይ ከምትገኘው ገቢሌ አካባቢ የተገኘ ነው። ለብዙ ዓመታት የእርሱ ታሪክ የሚተረከው ወደ አውሮፓ የሄደ ልጅ ቀንቶት እንደከበረ ተደርጎ ነበር። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ግን ራሱ እውነቱን ለዓለም ገለጠ። ትክክለኛ ስሙ ሁሴን አብዲ ካሂን እንደሆነ፣ ገና በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ በሌላ ልጅ ስም ወደ ብሪታንያ እንደተወሰደ፣ በዚያም በሰው ቤት የሌሎችን ልጆች እንዲያገለግል እንደተገደደ ተናገረ። ያዳነው ምስጢሩን ሰምቶ የደረሰለት የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ነበር።

ይህን በመናገሩ የሚያገኘው አዲስ ሜዳልያ አልነበረም፤ እንዲያውም ዜግነቱን ለጥያቄ የሚዳርግ ነገር ነበር። ሆኖም በመናገሩ ከአራቱ ወርቆች የሚበልጥ አገልግሎት ሰጥቷል ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ታሪኩን ከደላላው እጅ ነጥቆታል። ከእንግዲህ ሞ ፋራህን አይቶ «መንገዱ መሰደድ ነው» የሚል ወጣት ቢኖር፣ ስደቱ ባርነት እንደነበረና ከዚያ ያወጣው አንድ ጥሩ መምህርና የዓመታት ልፋት እንደሆነ ሊነገረው ይገባል።

ይህ ማለት ግን ሞ ፋራህን ጣዖት እናድርገው ማለት አይደለም። ለዓመታት ያሠለጠነው አልቤርቶ ሳላዛር በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተከለከሉ መድኃኒቶችን የሚመለከቱ ደንቦችን በመጣሱ ለአራት ዓመት ታግዷል። በፋራህ ላይ የተረጋገጠ ጥፋት ባይኖርም፣ ከማን ጋር እንደሚሠሩ መጠንቀቅ ለማንኛውም ሠራተኛ ተገቢ መሆኑን ጉዳዩ ያስተምራል። ጤናማ አርአያ ማለት ሁለንተናው የሚመለክ ሰው ሳይሆን፣ ከሥራው የሚበጀው ተለይቶ የሚወሰድለት ሰው ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ ወንድማማችነት ነው። ስፖርት በባሕርዩ ፉክክር ስለሆነ ለግለኝነት የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን ነሐሴ 2 ቀን 2013 ዓ.ም. በጃፓን ሳፖሮ ከተማ በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ የታየው ተቃራኒውን ነው። ሞቃዲሾ የተወለዱት፣ አንዱ ለኔዘርላንድ ሁለተኛው ለቤልጅግ የተሰለፉት አብዲ ናጌዬና በሽር አብዲ የልምምድ ጓደኛሞች ነበሩ። ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ናጌዬ ወደኋላ እየዞረ፣ የደከመውን ጓደኛውን በእጁ እየጠራ «ና፣ ተከተለኝ» የሚል ምልክት ይሰጠው ነበር። ናጌዬ ሁለተኛ፣ በሽር ሦስተኛ ሆነው ገቡ። የራሱን ሜዳልያ ሳያጣ ለጓደኛው ሜዳልያ የተጨነቀ ሰው ታየ። ያው በሽር ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ ታምራት ቶላን ተከትሎ ሁለተኛ ሆኗል።

ከዚህ የሚልቅ የወንድማማችነት ምሳሌ ግን ሜዳልያ ካላገኘች አንዲት ወጣት ጋር የተያያዘ ነው። ሶማሊያዊቷ ሳሚያ ዩሱፍ ኦማር በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ 200 ሜትር ስትሮጥ ዕድሜዋ 17 ነበር። በ32.16 ሰከንድ፣ ከሁሉም እጅግ ርቃ በመጨረሻ ስትገባ ስታዲየሙ በጭብጨባ ተቀበላት። ጦርነት ባፈረሰው አገሯ ሜዳም አሠልጣኝም ስላጣች ወደ አዲስ አበባ መጥታ የሥልጠና ዕድል ፈለገች። ከዚያም በሱዳንና በሊቢያ በኩል አውሮፓ ለመድረስ ስትሞክር፣ በ2004 ዓ.ም. በሜዲትራንያን ባሕር ሰጥማ ሞተች። ከጥቂት ወራት በኋላ ዓለም በለንደን ለሞ ፋራህ ሲያጨበጭብ፣ በ1979 ዓ.ም. በሮም የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሶማሊያዊው አብዲ ቢሌ፣ ስለ ድሉ በሚወራበት አደባባይ የሳሚያን መጨረሻ ለወገኖቹ አስታወሰ። በደስታ ቀን ከኋላ የቀረችውን መጥራት የቻለው እርሱ ነበር። አንድ ሻምፒዮን በታወቀ ስሙ ሊሠራበት ከሚችለው ሥራ ሁሉ ይህ ከፍተኛው ነው።

ሞ ፋራህና ሳሚያ የአንድ ዘመን፣ የአንድ ቋንቋ ልጆች ናቸው። አንዱን ሥዕሉን ሰቅለን ሌላዋን ከረሳን ለልጆቻችን የነገርነው ግማሽ እውነት ይሆናል። ባሕሩን የተሻገረው አንድ ሲታይ፣ ያልተሻገሩት አይታዩም።

አራተኛው መመዘኛ ለወገን መመለስ ነው። ይህም በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በሩጫ ያገኘውን ሀብት በአገሩ ላይ አውሎ ሆቴሎችንና ሌሎች ድርጅቶችን ማቋቋሙ፣ ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሕዝቡን በአንድ ጎዳና ላይ የሚያሰልፈው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እንዲመሠረት ማድረጉ የሚታወቅ ነው። ነገር ግን ሀብት የሌለው ስፖርተኛም የሚመልሰው አለው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማሸነፉን ሁሉም ያስታውሳል። ብዙ የማይነገርለት በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ ያደረገው ነው። በዓመቱ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወርውሯል። እግሩን ያጣው ሯጭ ለአካል ጉዳተኛው ወገኑ ቤት መዋል ዕጣ ፈንታው እንዳልሆነ አሳየው። ከሥራ ላይ አደጋ የተረፈ ሠራተኛ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ይረዳዋል።

እንግዲህ መመዘኛዎቹ እነዚህ ከሆኑ፣ አርአያ መምረጥ ብቻውን በቂ እንዳልሆነም መገንዘብ ይገባል። አርአያ ዘር ነው፤ ዘር ደግሞ መሬት ይሻል። ለዚህ የአርሲዋ በቆጂ ሕያው ማስረጃ ናት። ከዚያች ትንሽ ከተማ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የተገኙት አየሩ ስለተስማማ ብቻ አይደለም። ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአካል ማጠንከሪያ መምህር ልጆችን በማለዳ ሰብስበው ስላሠለጠኑ ነው። ደራርቱ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ስታሸንፍ የበቆጂ ልጆች ያዩት የማይደረስበትን ኮከብ አልነበረም፤ በእነርሱው መንገድ ስትሮጥ የነበረችውን ልጅ ነው። አርአያነት የሚሠራው እንዲህ ቅርብ ሲሆንና ከጎኑ አሠልጣኝ ሲቆም ነው። የሞ ፋራህን ሕይወት የለወጠው መምህር መሆኑን፣ ሳሚያ የጠፋችው ደግሞ አሠልጣኝ ፍለጋ መሆኑን አያይዘን ብንመለከት ሐሳቡ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

በዚህ ረገድ የእኅቶቻችን ጉዳይ ተለይቶ ሊሰመርበት ይገባል። በሠፈሩ ሜዳ ላይ ወንዶች ብቻ የሚታዩ ከሆነ የሕዝቡ እኩሌታ ከሜዳ ውጭ ነው ማለት ነው። ሃይማኖትንና ባህልን ምክንያት አድርገው ሴት ልጅን ከሩጫ የሚከለክሉ ወላጆች፣ በሐምሌ 1988 ዓ.ም. በአትላንታ የማራቶን ወርቅ ያመጣችውን የአርሲዋን ፋጡማ ሮባን ያስቡ። አዳማ ተወልዳ በስደት ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰንም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ የማራቶን ወርቋን የተቀበለችው ሒጃብ ለብሳ ነው። እምነትና ስፖርት በአንድ ሰው ላይ ተስማምተው ሊያድሩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በሠፈርና በሥራ ቦታ ወደ ተግባር ካልተለወጠ ወሬ ሆኖ ይቀራል። የሠፈር ነዋሪዎች ማኅበር ልጆች የሚጫወቱበትን ሜዳ ለግንባታና ለቆሻሻ መጣያ እንዳይውል ዘብ ይቁም። በማለዳ ልጆችን የሚያሠለጥን መምህር ሲገኝ፣ ብቻውን እንዳይደክም ሠራተኞች ከደመወዛቸው ጥቂት አዋጥተው ለኳስና ለጫማ ይድረሱለት። ለሴት ልጆች የተለየና የተጠበቀ የልምምድ ሰዓት ይመደብ። የክልሉ ስፖርተኛ ከውድድር ሲመለስ፣ ተሸነፈም አሸነፈም፣ በትምህርት ቤት ተጋብዞ ስለ ድሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ድካሙና ስለ ሽንፈቱም ለልጆች ይንገር። በየቤቱም ወላጆች የሞ ፋራህን ታሪክ ሲያወሩ የሳሚያንም አብረው ያውሩ።

የባሕር ማዶውን ኮከብ ስም ከልጆቻችን ጀርባ ላይ መግፈፍ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልጁ ስሙን የለበሰለትን ሰው እንደ ሠራተኛ መመዘን እንዲችል፣ በጠዋትም ተነሥቶ የሚሮጥበት ሜዳ፣ የሚያርመው አሠልጣኝና ወደኋላ ዞሮ «ና፣ ተከተለኝ» የሚለው ወንድም በገዛ ሠፈሩ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ይህ ሲሆን ልጁ ባሕሩን ሳይሆን መሙን ይመርጣል።